በበረዶ ውስጥ ያሉ ወታደሮች፦ የ1895 የጃፓን የእንጨት ኅትመት እንዴት ይነበባል?

በ1895 የመጀመሪያ ወራት በቶኪዮ የሥዕል መሸጫ ሱቆች ፊት ሰዎች ተሰብስበው ይመለከቷቸው ከነበሩት ባለቀለም የጦርነት ኅትመቶች መካከል፣ ከመድፉ ጭስና ከጩኸቱ ራቅ ያሉ አንዳንዶቹ ዛሬም ዓይን ይይዛሉ። ጥቁር ሰማያዊ ካፖርት የለበሱ ወታደሮች አንገታቸውን ሰብረው፣ ጠመንጃቸውን አንግተው በነጭ ሜዳ ላይ ይጓዛሉ፤ ወይም በእሳት ዙሪያ ተኮራምተው ሌሊቱን ይገፋሉ። ሰማዩ ከግራጫ ወደ ጥቁር እየከበደ ይሄዳል። ጠላት አይታይም፤ ደምም የለም። የዛሬ ተመልካች እንዲህ ያለ ሥዕል ሲገጥመው ቶሎ የሚመጣለት ፍቺ፣ ሠዓሊው በጦርነቱ አዝኖ የተራውን ወታደር መከራ ሊያሳየን ፈልጓል የሚል ነው። ይህ ንባብ ከነጭራሹ መሠረት የለውም ማለት ባይቻልም፣ ሥዕሉ በተሠራበት ጊዜና ቦታ የነበረውን ትርጉም ግን ያዛባል። በእኔ እይታ በእነዚህ ኅትመቶች ውስጥ ዋናውን ሥራ የሚሠራው በረዶው ነው፤ ወታደሩን ከወራሪነት አውጥቶ መከራ ታጋሽ የሚያደርገው እርሱ ነውና። ይህ እንዴት እንደሚሆን ለማየት ጦርነቱን፣ የአሠራሩን ዘዴና ሥዕሉን ይገዙ የነበሩትን ሰዎች አንድ ላይ መመልከት ያስፈልጋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጦርነቱ በጃፓንና በቻይና መካከል፣ በዋናነት ኮሪያን ማን በተጽዕኖው ሥር ያደርጋት በሚለው ጥያቄ የተነሣ ነበር። በይፋ የታወጀው ነሐሴ 1 ቀን 1894 ሲሆን፣ በመስከረም ወር አጋማሽ የጃፓን ጦር ፒዮንግያንግን ያዘ፤ በኅዳር ወር ደግሞ በሊያኦዶንግ ልሳነ ምድር ጫፍ የሚገኘውን የፖርት አርተርን ምሽግ ተቆጣጠረ። ከዚያ በኋላ ያለው ውጊያ በሙሉ የክረምት ውጊያ ነው። በማንቹሪያ የሃይቼንግ ከተማ በታኅሣሥ ተያዘች፤ በጥር ወር 1895 ሌላ ጦር በሻንዶንግ የባሕር ዳርቻ ወርዶ በዌይሃይዌይ ወደብ የመሸገውን የቻይና መርከበኛ ኃይል ከየብስ ከበበው፤ ወደቡም በየካቲት አጋማሽ እጁን ሰጠ። በመጋቢት መጀመሪያ ኒውጁዋንግና ዪንግኮው ወደቁ፤ ሚያዝያ 17 ቀን በሺሞኖሴኪ ውል ተፈረመ። በማንቹሪያ ክረምት ሙቀቱ ከዜሮ በታች ሃያ ዲግሪና ከዚያም በላይ ይወርዳል። ስለዚህ በረዶው ሠዓሊዎች ለጌጥ ሲሉ የጨመሩት ነገር አይደለም፤ በጦር ሜዳው በእርግጥ ነበረ። ጥያቄው ሠዓሊዎቹ በዚያ በእርግጥ በነበረው በረዶ ምን አደረጉበት የሚለው ነው።

ጦርነቱ በቆየባቸው ወደ ዘጠኝ ወራት ገደማ በሚሆን ጊዜ ውስጥ ወደ 3,000 የሚጠጉ የተለያዩ የጦርነት ኅትመቶች እንደወጡ ይገመታል፤ ይህም በየቀኑ አሥር ያህል አዳዲስ ሥዕሎች ማለት ነው። እንዲህ ያለው ፍጥነት ሊገኝ የቻለው ሥራው የአንድ ሰው ስላልነበረ ነው። አሳታሚው ምን እንደሚሸጥ አስቦ ገንዘቡን ያወጣል፤ ሠዓሊው በቀለም ብሩሽ በስስ ወረቀት ላይ ንድፉን ይሠራል፤ ቀራጩ ያንን ወረቀት በፊቱ ገልብጦ በቼሪ እንጨት ላይ ለጥፎ ከነወረቀቱ ይቀርጸዋል፤ ማለትም የሠዓሊው እጅ የነካው ንድፍ በሥራው ሂደት ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱ እንጨት ይቀረጻል። አታሚው እንጨቱን ቀለም ቀብቶ፣ ከኮዞ ቁጥቋጦ ልጥ የተሠራውን ጠንካራ ወረቀት ከላዩ አንጥፎ፣ ባረን በሚባል በቀርከሃ ቅጠል የተጠቀለለ ክብ ማሻሻ ጀርባውን ያሸዋል። ማተሚያ መኪና የለም፤ ግፊቱ የክንድ ግፊት ነው። አንድ ሉህ ሁሉም ቀለማት እስኪያርፉበት ድረስ ደጋግሞ በዚህ መንገድ ያልፋል፤ ቀለማቱ እንዳይዛነፉም በእንጨቱ ጥግና ጠርዝ ላይ ወረቀቱ የሚገጥምባቸው ሁለት ትናንሽ ምልክቶች ይቀረጻሉ።

ይህንን ያወቀ ሰው በረዶውን በሌላ ዓይን ያየዋል፤ እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ይጠቅማል። በእንዲህ ዓይነቱ ኅትመት ቀለም የሚይዘው ሳይነካ የቀረው የእንጨቱ ገጽ ነው፤ የተቆረጠው ግን ባዶ ይቀራል። ስለዚህ በሜዳው ላይ የተኛው ነጭ በረዶ አብዛኛውን ጊዜ ምንም ያልታተመበት ወረቀት ነው። ሠዓሊው በረዶውን አልቀባውም፤ በዙሪያው ያለውን ነገር ሁሉ ቀብቶ በረዶውን ተወው። ከሰማይ የሚወርደው የበረዶ ብናኝ ደግሞ ከዚህ የበለጠ አድካሚ ነው። ሰማዩ በሁለት ወይም በሦስት እንጨቶች የሚታተም ከሆነ፣ እያንዳንዷ የበረዶ ነጠብጣብ በእያንዳንዱ እንጨት ላይ በትክክል በአንድ ቦታ ተፈልፍላ መውጣት አለባት፤ አንዷ ብትዛነፍ ነጩ ነጥብ በግራጫ ይሸፈናል። ይህንን ድካም ለማስቀረት ወይም የተለየ መልክ ለመስጠት፣ ከባሕር ዛጎል የተፈጨ ነጭ ቀለም በብሩሽ የሚረጭበት ጊዜም ነበር፤ እንዲህ የተሠራው ሥዕል በአጉሊ መነጽር ሲታይ ነጠብጣቦቹ ከወረቀቱ ከፍ ብለው ይታያሉ። ሌላው ዘዴ ቀለም ባልተቀባ እንጨት ላይ ወረቀቱን አጥብቆ በመጫን የበረዶውን ክምር ጎበጥ አድርጎ ማውጣት ነው። ይህ በፎቶግራፍ አይታይም፤ ወረቀቱን ወደ መስኮት ይዞ በጎን በሚመጣ ብርሃን ማዘንበል ያስፈልጋል።

የሰማዩ መክበድም የአታሚው ሥራ ነው። እንጨቱ ላይ ቀለሙን ከቀባ በኋላ በአንድ በኩል በእርጥብ ጨርቅ ወይም ብሩሽ ያሳሳዋል፤ ሲታተም ቀለሙ ከድቅድቅ ወደ ስስ እየፈዘዘ ይወጣል። በእያንዳንዱ ሉህ ላይ ይህ እንደገና በእጅ ስለሚደረግ፣ ከአንድ እንጨት የወጡ ሁለት ሥዕሎች ፍጹም አንድ ዓይነት ሰማይ የላቸውም። የክረምት ሥዕሎች ስሜት የሚያርፈው በዚህ ቀለም ማፍዘዝ ላይ በመሆኑ፣ ሐዘን የምንለው ነገር በከፊል ስሙ በሥዕሉ ላይ ያልተጻፈ የአንድ አታሚ እጅ ውጤት ነው ማለት ይቻላል።

የጦርነት ኅትመቶች በአብዛኛው ሦስት ሉሆች ጎን ለጎን ተገጥመው የሚነበቡ ናቸው። እያንዳንዱ ሉህ ወደ 37 በ25 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ ሦስቱ ሲገጠሙ ሰባ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው አግድም ሜዳ ይፈጠራል። የጃፓን ጽሑፍ በዘመኑ ከላይ ወደ ታች፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይነበብ ስለነበር ርዕሱ አብዛኛውን ጊዜ ከቀኝ በኩል ይገኛል፤ የተመልካቹም ዓይን ከቀኝ እንዲነሣ ይጠበቃል። ወታደሮቹ ከቀኝ ወደ ግራ ሲጓዙ ከንባቡ ጋር አብረው ይሄዳሉ፤ ጉዞው የተቃና፣ ወደፊት የሚገፋ ሆኖ ይሰማል። ከግራ ወደ ቀኝ ሲመጡ ግን ዓይንን ይቃወማሉ። እኛም ሆንን የላቲን ፊደል አንባቢዎች ከግራ ጀምረን ስለምናይ፣ ወደፊት የሚገሰግሰውን ሠልፍ ወደ ኋላ እንደሚመለስ፣ የደከመና የተሸነፈ አድርገን ልናየው እንችላለን። ብዙ ጊዜ የሐዘን ንባብ የሚጀምረው ከዚህ ይመስለኛል።

ርዕሱ ራሱ ሁለተኛው መረጃ ነው። የነዚህ ሥዕሎች ርዕሶች «ሠራዊታችን» በሚል ቃል ይሞላሉ፤ ብርዱን «ተቋቁሞ»፣ በረዶውን «ጥሶ» የሚሉ ግሦችም ይከተላሉ። ሥዕሉ ዝም ቢልም ርዕሱ ዝም አይልም። ሦስተኛው መረጃ በኅዳጉ ላይ በትናንሽ ፊደላት የተጻፈው ነው፤ እዚያ የታተመበትና ለሽያጭ የወጣበት ቀን፣ የሠዓሊውና የአሳታሚው ስምና አድራሻ ይገኛል። ዓመቱ የሚቆጠረው በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ስለሆነ ሜይጂ 27 ማለት 1894፣ ሜይጂ 28 ማለት 1895 ነው፤ በሜይጂው ቁጥር ላይ 1867 መደመር ይበቃል። ይህንን ቀን ውጊያው ከተካሄደበት ቀን ጋር ሲያስተያዩት፣ ሥዕሉ ምን ያህል በጥድፊያ እንደወጣና ሠዓሊው ምን ያህል ዜና በእጁ እንደነበረው መገመት ይቻላል።

በእርግጥም አብዛኞቹ ሠዓሊዎች ጦር ሜዳውን አላዩትም። እንደ ኩቦታ ቤይሰን ያሉ ጥቂቶች ለጋዜጣ ተልከው ሄደዋል፤ ሌሎቹ ግን በቶኪዮ ተቀምጠው ከጋዜጣ ዘገባ፣ ከቴሌግራም ዜናና ከራሳቸው ምናብ ነበር የሚሠሩት። ይህ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ የሚያሳየው የመለከተኛው ታሪክ ነው። በጦርነቱ መጀመሪያ በኮሪያ ምድር ጥይት ደረቱን መትቶት እስኪሞት ድረስ መለከቱን ከአፉ ያላወረደ ወታደር ነበር ተብሎ ተዘገበ፤ ሠዓሊዎችም ሽራካሚ ጌንጂሮ በሚል ስም ሣሉት። በኋላ ግን መለከተኛው ኪጉቺ ኮሄይ የሚባል ሌላ ወታደር ነው ተባለ፤ ጀግንነቱ ሳይለወጥ ስሙ ብቻ ተለወጠ። ስለዚህ አንድን ኅትመት በዚያ ቀን በዚያ ቦታ ምን እንደሆነ የሚናገር ምስክር አድርጎ መውሰድ አይገባም። የሚመሰክረው በቶኪዮ ገበያ ምን ለማየት ይፈለግ እንደነበረ ነው።

የክረምቱን ሥዕል ከሌሎቹ በተሻለ የተካነው ሠዓሊ ኮባያሺ ኪዮቺካ ነው። በ1847 በኤዶ፣ ማለትም በኋላ ቶኪዮ በተባለችው ከተማ፣ ከሾጉኑ (በንጉሠ ነገሥቱ ስም አገሪቱን ይገዛ የነበረው የጦር አለቃ) መንግሥት ዝቅተኛ ሹም ቤት ተወለደ፤ በ1868 መንግሥቱ ሲገለበጥ ከተሸነፈው ወገን ነበርና ከጌቶቹ ጋር ወደ ሺዙኦካ ወረደ። በ1874 ወደ ቶኪዮ ተመልሶ ከ1876 ጀምሮ ባወጣቸው የከተማዋ ሥዕሎች የጋዝ መብራትን፣ የእሳት ቃጠሎን፣ ዝናብንና በረዶን በአዲስ ዓይን አሳየ። ሰዎቹ ብዙ ጊዜ ጀርባቸውን የሰጡ ጥላዎች ናቸው፤ ብርሃኑ ግን ሕያው ነው። ጦርነቱ ሲመጣ ይህንኑ ችሎታ ወደ ጦር ሜዳ ወሰደው፤ በደርዘን የሚቆጠሩ ባለ ሦስት ሉህ ሥዕሎችንም ሠራ። ተማሪው ታጉቺ ቤይሳኩም በዚሁ መንገድ የተጓዘ ነው።

የሕይወት ታሪኩ ተመልካችን ለፈተና ይጋብዛል። ከተሸነፈው ወገን የመጣ፣ የብቸኝነትና የጨለማ ሠዓሊ ከሆነ፣ የበረዶ ወታደሮቹ ድብቅ ተቃውሞ ይሆኑ ይሆን? እኔ አይመስለኝም፤ ምክንያቱም በእነዚያው ወራት ይኸው እጅ ቻይናውያንን ፈሪ፣ ስግብግብና አስቀያሚ አድርጎ የሚያላግጥ ረጅም ተከታታይ የቀልድ ሥዕል እያወጣ ነበር። ሁለቱም ለአንድ ገበያ የወጡ ናቸው። አንዱ ጠላትን ያዋርዳል፤ ሌላው የራስን ወታደር ያከብራል። ለየብቻ ካየናቸው ርኅሩኅ ሠዓሊና ጨካኝ ቀልደኛ እናገኛለን፤ አንድ ላይ ካየናቸው ግን ሥራውን በሁለት እጁ የሚሠራ አንድ ባለሙያ ነው የምናገኘው።

የጠላት አሣሣል ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይሆንበትም። ይህ ጦርነት ካበቃ ከአንድ ዓመት ያነሰ ጊዜ በኋላ የተካሄደውን የዓድዋን ጦርነት የሣሉ ሠዓሊዎቻችን፣ የወገንን ፊት ከነሁለት ዓይኑ፣ የጠላትን ፊት በጎን ባንድ ዓይኑ የማሳየቱን የቤተ ክርስቲያን ልማድ ተጠቅመዋል። ጃፓናውያኑም የራሳቸው ምልክት ነበራቸው፦ የጃፓን ወታደር ረጅም፣ ቀጥ ያለ፣ በአውሮፓ ሥርዐት የተሰፋ ጥቁር ሰማያዊ የደንብ ልብስ የለበሰ፣ መኮንኑም ሪዙን ያሳደገ ነው፤ የቻይና ወታደር ግን በቀይ፣ በቢጫና በሐምራዊ ልብስ የደመቀ፣ የተጎነጎነ ጸጉሩ በአየር ላይ የሚወዛወዝ፣ የሚወድቅ ወይም የሚሸሽ ነው። ደማቆቹን ቀለማት ለማግኘት በሜይጂ ዘመን ከውጭ የገቡት የኬሚካል ቀለማት አገልግለዋል። ይህ ሕግ ያለ ልዩነት ይሠራ ነበር ማለት አይደለም፤ ሚዙኖ ቶሺካታ በዌይሃይዌይ እጅ ከመስጠት ይልቅ ራሱን ያጠፋውን የቻይናውን አድሚራል ዲንግ ሩቻንግን በክብር ሥሎታል። ሆኖም የሚከበረው የሞተው አዛዥ እንጂ የሚዋጋው ተራ ወታደር አይደለም።

ወደ ክረምቱ ሥዕል ስንመለስ፣ በዚያ ውስጥ ቻይናዊው ጭራሽ የለም። ቦታውን የወሰደው ብርድ ነው። ይህ ለውጥ ቀላል ቢመስልም ውጤቱ ትልቅ ነው። ሰው ከሰው ጋር ሲዋጋ ተመልካቹ የማን ምድር ነው፣ ማን ማንን ወረረ ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፤ ሰው ከብርድ ጋር ሲታገል ግን ይህ ጥያቄ አይነሣም። ወታደሩ የቆመበት የሌላ ሰው እርሻ፣ ምናልባትም ባለቤቱ ጥሎት የሸሸ መንደር መሆኑ በበረዶው ሥር ተቀብሯል። በኅዳር 1894 ፖርት አርተር በተያዘ ጊዜ የጃፓን ጦር በከተማይቱ ነዋሪዎችና መሣሪያ ባስቀመጡ ሰዎች ላይ እልቂት መፈጸሙን የውጭ ጋዜጠኞች፣ በተለይም አሜሪካዊው ጄምስ ክሪልማን፣ ለዓለም ዘግበው ነበር። የክረምት ሥዕሎቹ ገበያ ላይ የዋሉት ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ነው። ሠዓሊዎቹ ያንን ለመሸፈን ብለው ሠሩት ማለት አልችልም፤ የገበያው ፍላጎትና የወቅቱ አየር ይበቃሉ። ነገር ግን በንጹሕ ነጭ ሜዳ ላይ በትዕግሥት የቆመ ወታደር፣ ጋዜጣው ካሳየው ፍጹም የተለየ ሰው ነው።

የጃፓን ተመልካች ደግሞ በበረዶ ውስጥ የሚሄድ የታጠቀ ሰው ሲያይ ባዶ አእምሮ ይዞ አልነበረም። በ1703 መጀመሪያ የሞተ ጌታቸውን ደም የመለሱት አርባ ሰባቱ ታማኝ ሳሙራዮች ታሪክ በቲያትርና በኅትመት ለሁለት መቶ ዓመታት ገደማ ሲደጋገም ኖሯል፤ የጥቃቱም ሌሊት ሁልጊዜ በበረዶ የተሸፈነ ነው። በረዶ ታማኝነትንና ዝም ብሎ መጽናትን የሚጠራ ምልክት ሆኖ ነበር። ሌላው ውርስ የመልክዓ ምድር ሥዕል ነው። ኡታጋዋ ሂሮሺጌ በ1833 እና 1834 አካባቢ በቶካይዶ መንገድ ላይ ያሉትን ማረፊያዎች ሲሥል፣ የካምባራን መንደር በሌሊት በረዶ ቀብሮ ሦስት ጎባጣ መንገደኞችን አሳየ። ካምባራ ያለችው ሞቃት የባሕር ዳርቻ ላይ ስለሆነ እንዲህ ያለ በረዶ እምብዛም አያገኛትም። በረዶው የስሜት እንጂ የአየር ጠባይ መዝገብ አልነበረም። የኪዮቺካ ተመልካች ይህንን ወግ ስለሚያውቅ፣ የማንቹሪያን ሜዳ በቤቱ ግድግዳ እንደለመደው የክረምት መንገድ አድርጎ ሊያየው ይችል ነበር፤ ባዕድ ምድርም በዚህ መንገድ የራስ ምድር ይመስላል።

የወታደሮቹ ፊት አለመታየትም ትርጉም አለው። ጃፓን የግዴታ ወታደራዊ አገልግሎትን የደነገገችው በ1873 ነው፤ ይህ ጦርነት የገበሬና የነጋዴ ልጆች በባሕር ማዶ በብዛት የተሰለፉበት የመጀመሪያው ትልቅ ጦርነት ነበር። መኮንንን የሚያወድስ ኅትመት የመኮንኑን ስም በሳጥን ውስጥ ይጽፋል። የበረዶው ሥዕል ግን ስም የለውም፤ ኮፍያ፣ ካፖርት፣ የሙራታ ጠመንጃና ጀርባ ብቻ ነው። ልጇ ሃይቼንግ ያለባት እናት ከእነዚያ ጀርባዎች አንዱን የልጇ ነው ብትል የሚያስተባብላት የለም። እዚህ ላይ የሐዘኑን ንባብ የሚደግፍ እውነት አለ፤ ሥዕሉን የገዙት ሰዎች በእርግጥ ተጨንቀው፣ ናፍቀውም ነበር። ይሁን እንጂ ያ ናፍቆት ጦርነቱን አያስጠላም፤ የወታደሩን መከራ የጦርነቱ ማጽደቂያ ያደርገዋል። ይህን ያህል ተሠቃይተው ያገኙት ድል እንዴት ከንቱ ይሆናል?

ሥዕሉ የማያሳየው መከራ ከሚያሳየው ይበልጥ ነበር። በዚህ ጦርነት ከሞቱት ወደ 13 ሺህ የሚጠጉ የጃፓን ወታደሮች መካከል በጥይትና በጦር ቁስል የሞቱት ጥቂቶቹ ናቸው፤ እጅግ የሚበዙት የሞቱት በበሽታ ነው። ኮሌራ፣ ተቅማጥና ታይፎይድ ነበሩ፤ አራት ሺህ ያህሉን የገደለው ደግሞ ቤሪቤሪ ነው። ይህ በሽታ የሚመጣው ከቫይታሚን ቢ1 እጥረት ነው፤ ለወታደሩ ይሰጥ የነበረው ነጭ የተፈተገ ሩዝ ያንን ቫይታሚን እምብዛም የለውም። የባሕር ኃይሉ ሐኪም ታካጊ ካኔሂሮ በ1880ዎቹ ምግቡን በማሻሻልና ገብስ በመጨመር በሽታውን ከመርከቦቹ አጥፍቶት ሳለ፣ የምድር ጦሩ ሐኪሞች ግን ሳይቀበሉት ቆዩ። ብርዱም ቢሆን በሥዕሉ ላይ ካፖርት ያስለብሳል እንጂ ጣት አያስቆርጥም፤ በእውነቱ የውርጭ ጉዳት ሆስፒታሎችን ሞልቶ ነበር። ከጦሩ ጋር ተቀጥረው የተሰለፉት ከመቶ ሺህ በላይ ጓዝ ተሸካሚዎች ደግሞ የተሟላ የክረምት ልብስ እንኳ አልነበራቸውም፤ በኅትመቶቹ ውስጥም ቦታቸው አነስተኛ ነው። ሥዕሉ የመረጠው መከራ ተቆሞ የሚታለፈውን ነው፤ በተቅማጥ ተዳክሞ በጭድ ላይ የሚሞተውን አይደለም።

ብርድን በጽናት ማሸነፍ ይቻላል የሚለው ሐሳብ ምን ያህል ሊያስከፍል እንደሚችል ከሰባት ዓመት በኋላ ታየ። በጥር 1902 ወደፊት ከሩሲያ ጋር ለሚደረግ የክረምት ጦርነት ለመዘጋጀት በአኦሞሪ ከሰፈረው የእግረኛ ሬጅመንት 210 ወታደሮች ወደ ሃኮዳ ተራራ ለልምምድ ወጡ፤ በበረዶ ውሽንፍር መንገድ ስተው 199ኙ ሞቱ። ጥይት የተኮሰባቸው አልነበረም። ነጩ ወረቀት ያላሳየውን በረዶ አገሪቱ ያን ጊዜ በደንብ አወቀችው።

የሩሲያና የጃፓን ጦርነት በ1904 ሲጀመር የእንጨት ኅትመቱ ገበያ ተዳክሞ ነበር። ሠዓሊዎቹ እንደገና ቢሠሩም ፎቶግራፍ በጋዜጣና በመጽሔት መታተም ችሎ ነበር፤ የድንጋይ ኅትመትና ፖስት ካርድም ይበልጥ ይረክሱና ይፈጥኑ ነበር። ስለዚህ በ1895ቱ ክረምት የወጡት ሥዕሎች የአንድ ረጅም ሙያ የመጨረሻ ትልቅ የገበያ ዘመን ውጤቶች ናቸው፤ ጥራታቸውም ከዚህ የመጣ ነው። ቀራጮቹና አታሚዎቹ ዕድሜ ልካቸውን በዚሁ ሥራ የኖሩ ሰዎች ነበሩ።

ዛሬ ከእነዚህ ሥዕሎች አንዱን በሙዚየም ወይም በስክሪን የሚያይ ሰው፣ ትርጉም ከመስጠቱ በፊት የሚያየው ቅጂ ምን እንደደረሰበት መጠየቅ ይኖርበታል። በመጀመሪያ ዙር የታተሙት ቅጂዎች የሰማዩን ማፍዘዝ በጥንቃቄ የያዙ ሲሆኑ፣ ገበያው ሲደራ በጥድፊያ የወጡት ያንን ሊዘሉት ይችላሉ፤ ሌሊቱም ጠፍጣፋ ቀን ይሆናል። የሂሮሺጌ ካምባራ ራሱ በሁለት መልክ ይገኛል፤ በአንደኛው ጨለማው ከላይ ከሰማዩ ጫፍ ይወርዳል፣ በሌላው ከተራራው ጀርባ ይነሣል፤ ያም ሆኖ ስለ ሥዕሉ ስሜት የሚጽፉ ሰዎች የትኛውን እንዳዩ ሁልጊዜ አይነግሩንም። ኅዳጉ ተቆርጦ ከሆነ ቀኑና የአሳታሚው ስም አብሮ ሄዷል፤ ሦስቱ ሉሆች ተነጣጥለው ከተሸጡም መሃሉን ብቻ ያገኘ ሰው የብቸኝነት ሥዕል አድርጎ ያየዋል፣ በቀኝ ያለውን ሠልፍና ርዕሱን ስላላየ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ወረቀቱ ያረጃል። በ1895 ነጭ ሆኖ የወጣው ባዶ ወረቀት በመቶ ሠላሳ ዓመት ውስጥ ወደ ቢጫና ቡና ዓይነት ስለሚለወጥ፣ እኩለ ቀን የነበረው የበረዶ ሜዳ ዛሬ ምሽት ይመስላል፤ ብርሃን የሚበላቸው የኬሚካል ቀለማት ሲፈዝዙም ቀይ የነበረው የእሳት ፍም ይገረጣል። እንዲህ ባለ ቅጂ ላይ የሚታየውን ጭፍግግታ ሙሉ በሙሉ ለኪዮቺካ ሐሳብ መስጠት አይቻልም፤ ከፊሉ የፀሐይና የአቧራ ሥራ ነው።